ልኩን ስጡን፤ ልጆቻችን በእጃቸው ይሥሩት

ግልጽ ደብዳቤ፦ በኢትዮጵያ ለሚገኙ ሙዚየሞችና የቅርስ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች

ክቡራንና ክቡራት፣

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከእናንተ የምፈልገው ልክ ነው፤ የሐውልቱን ቁመት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጥልቀት፣ የግንቡን በር ስፋት፣ የሳንቲሙን ገጽና ጀርባ። በመዝገባችሁ ያለውን ይህን ልክ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሊከተለው በሚችል መንገድ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አውጡልን። ለምን እንደምፈልገው ለማስረዳት ግን ወጥ ቤታችንን ላሳያችሁ ይገባኛል። ታሪክ የምንማረው እዚያ ነውና።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ አሥራ አንድ፣ ወንዱ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም በቤት አስተምራለሁ። የግዛቱ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፣ በዓመቱ ማብቂያም ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ሒሳቡንና ሳይንሱን በመጽሐፍ እንሄድበታለን። የአገራችንን ታሪክም እንደዚያው በመጽሐፍ ብቻ ላስተምር ሞክሬ ነበር። የነገሥታቱን ስምና ዘመን በቅደም ተከተል እያስጠናሁ አንድ ክረምት ሙሉ ለፋሁ። ልጆቹ ሸመደዱት። መስከረም ጠብቶ ስጠይቃቸው ግማሹ በኖ ጠፍቷል፤ የቀረውም የስም ዝርዝር ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጄምስታውን የሚባለውን ታሪካዊ ቦታ ጎበኘን። በ1607 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ያመጡት የሦስቱ መርከቦች አምሳያ ተሠርቶ ውኃው ላይ ቆሟል። ልጆቼ ወጡበት፤ ገመዱን ጎተቱ፤ መርከበኛው ይተኛበት የነበረውን ጠባብ ቦታ ገብተው አዩ። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆኖ «እማዬ፣ የእኛንስ የት ሄደን ነው የምንነካው?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መጽሐፉን አጥፌ ነገሩን ወደ እጅ ሥራ ያዞርኩት ከዚያ ማታ ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ የጀመርነው በነጭ ሳሙና ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ትልቅ ሳሙና፣ አንድ ደነዝ ቢላዋ፣ አንድ ማንኪያና ጥቂት የጥርስ እንጨት ሰጠኋቸው፤ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ፎቶግራፍም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሥራችሁ ይህን መቅረጽ ነው፣ ምንም ነገር መለጠፍ አይፈቀድም አልኳቸው። ወንዱ ልጅ ከጎን ጀመረ። ግድግዳውን እያሳሳ ሲሄድ ከመስቀሉ ክንዶች አንዱ ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። በውኃ አርሶ ሊያጣብቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሁለተኛ ሳሙና ሰጠሁት። በዚህኛው ከላይ ጀመረ፤ መጀመሪያ የመስቀሉን ቅርጽ ጫረ፣ ከዚያ ዙሪያውን እየቆፈረ ወረደ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ስታየው ቆየችና «እኛ ቤት ስንሠራ ከመሠረት እንጀምራለን፤ እነዚያ ሰዎች ከጣሪያ ጀመሩ። በሩ የመጨረሻ ነው» አለች። ልጁ ቢላዋውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ የሚለውን ሐረግ አሥር ጊዜ አንብቤለት ነበር። የገባው ግን ያን ዕለት ነው። የሚሳሳት ጠራቢ የሰበረውን አይመልስም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዋ መዶሻ በፊት ሕንፃው በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተጠናቅቆ መቆም ነበረበት።

በዚያው ቀን ልጁ ከጥርስ እንጨት ታቦት ሠርቶ ውስጥ ሊያስገባ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው። «ይህ አይሆንም የኔ ጌታ፤ ታቦት መጫወቻ አይደለም» አለችው። ትክክል ነበረች። በእጅ እንማር ስል ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ይነካል ማለቴ አይደለም። የማይነካ ነገር መኖሩን ማወቅም የታሪካችን ክፍል ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ታላቂቱ የራሷን ሳሙና ከጨረሰች በኋላ በማንኪያ ውኃ ቀድታ በጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰች። ውኃው በሕንፃው ዙሪያ ተኝቶ ቀረ። «እማዬ፣ ክረምት ላይ ዝናቡ የት ይገባል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ላሊበላን በወጣትነቴ ተሳልሜያለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን አንድም ቀን መጥቶብኝ አያውቅም። ፈልጌ አነበብኩ። ጠራቢዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲፈለፍሉ የውኃ መውረጃ ቦዮችንም አብረው መቁፈራቸውን አገኘሁ። ቦዩ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚያዘቀዝቅ ለልጅ የሚያሳይ ሥዕል ግን አላገኘሁም። ልጄ እስከ ዛሬ ሳሙናዋን በመስኮት ደፍ ላይ አስቀምጣ መልሱን ትጠብቃለች።

ከሳሙናው በኋላ ወደ አክሱም ሐውልቶች ተሻገርን። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ ተተክሎ የተመረቀውም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ይህንን ሁሉ በቃል ይዘውት ነበር። 24 ሜትር ግን ለልጅ ምንድን ነው? እሑድ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ባዶ ሲሆን ጠመኔና ሲባጎ ይዘን ወረድን። የልጄ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ነው። አስፋልቱ ላይ ተኛ፤ እኅቱ በእግሩ ጫፍ አሰመረች፤ እንደገና ተኛ። ሃያ ጊዜ። ከዚያ ወድቆ የሚገኘውን፣ 33 ሜትር የሚሆነውንና ከ500 ቶን በላይ የሚመዝነውን ትልቁን ሐውልት ቀጠልን፤ ሃያ ሰባት ጊዜ ተኝቶ ለሃያ ስምንተኛው እስከ ወገቡ ብቻ ሆነ። ከአስፋልቱ ሲነሣ ልብሱ በሙሉ ጠመኔ ነበር። የጠየቀው ጥያቄ «ይህን ያህል ድንጋይ ማን ተሸከመው?» የሚል ነበር። በማግሥቱ ድንቅነሽን በመጠቅለያ ወረቀት ላይ በቁመቷ ልክ ሥለን ግድግዳ ላይ ለጠፍናት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ከእርሱ ታንሳለች። ለሳምንት ያህል ቁርስ ሊበላ ሲወጣ በአጠገቧ እየቆመ ይለካካ ነበር።

ከሁሉም የከበደኝና ከሁሉም ያስደሰተኝ የአሞሌው ሥራ ነው። ጨው በጥቂት ውኃ አርሰን፣ በተቆረጠ የወተት ካርቶን ጠቅጥቀን፣ ለብ ባለ ምድጃ አድርቀን ስምንት አሞሌ ሠራን። የሳሎኑ ምንጣፍ አገሩ ሆነ፤ የሶፋው እግር የአፋር ጨው ሜዳ፣ የኮሪደሩ መጀመሪያ የትግራይ ደጋ፣ ወጥ ቤቱ ጎጃም። ዋጋው በሽምብራ ነው። በአፋር አንድ አሞሌ ሁለት ሽምብራ ያወጣል፤ ጨው ቆራጩና ግመለኛው ድካማቸውን ሲጨምሩበት፣ ቀረጥ ሲከፈልበት፣ መንገድ ላይ የተሰበረው ሲቀነስ ጎጃም ሲደርስ ዋጋው ዐሥራ አምስት ሽምብራ ሆነ። ሽምብራውን የመደብነው እኛ ነን። አሞሌ ከተቆረጠበት በራቀ መጠን እየተወደደ መሄዱ ግን እውነት ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገራችን ሕዝብ ሲገበያይበት የኖረ ገንዘብ ነበር። ታላቂቱ እጇን ታጥባ ሳታደርቅ አንዱን አነሣች፤ ጠርዙ በጣቶቿ መካከል ሟሟ። «ይህ ገንዘብ ክረምት ላይ ይቀልጣል!» ብላ ጮኸች። ምጣኔ ሀብት የሚባለውን ትምህርት ከዚህ የተሻለ አድርጎ የጀመረ ሰው አላውቅም።

ትንሹ ደግሞ አሞሌውን እያገላበጠ ዝም አለ። ከዚያ ወደ አያቱ ዞሮ «እምዬ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል የምትይው ይህን ነው?» አላት። ከተወለደ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ተረት ነው። እርሱ የሚያውቀው ጨው በጠርሙስ ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት ስለሆነ ከድንጋይ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አያውቅም ነበር። እናቴ ሳቀች፤ ወዲያው ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ልጆቻችን ቋንቋውን ይዘው ዕቃውን ካላዩት ቋንቋው ራሱ ባዶ ቀፎ ይሆንባቸዋል።

ዓድዋን እንዴት እንደምንይዘው ብዙ አሰብኩ። ጦርነትን ማጫወት አልወድም፤ የሞቱት ሰዎች ናቸው፣ በሁለቱም ወገን። ስለዚህ ከውጊያው ይልቅ ስንቁን ያዝን። እናቴ እንጀራ ጋግራ ቆራርሳ ድርቆሽ አደረገችው፤ ልጆቹ ገብስ ቆልተው በሶ ፈጩ፤ ቆሎ ቋጠሩ። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ወጥ ቤቱ በገብስ ሽታ ታጠነ። ቅዳሜ ስንቃችንን ተሸክመን 8 ኪሎ ሜትር በእግራችን ሄድን፤ የበላነውም በሶውን በውኃ በጥብጠን፣ ድርቆሹን አርሰን ነው። ማታ ታላቂቱ ካርታ ላይ ለካች። ከአዲስ አበባ ዓድዋ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በቀን 8 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 125 ቀን። አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ተነሥተው ድሉ የካቲት 23 መገኘቱን አስታውሳ በጣቷ ወሮቹን ቆጠረች። ከዚያ ያነሣችው ጥያቄ በተማርኩበት መጽሐፍ ያላየሁት ነበር፤ «ለዚያ ሁሉ ሰው ማን ፈጨለት?» መቶ ሺህ ገደማ የሆነውን ሠራዊት ያበሉትን፣ ውኃ የቀዱለትን፣ ቁስለኛውን ያነሡትን ሴቶች ያገኘቻቸው በራሷ ድካም በኩል ነው። እቴጌ ጣይቱ ጣሊያኖች በሰፈሩበት በመቐለ ምሽግ ውኃው እንዲያዝ ማድረጋቸውም ከዚያ በኋላ ሲነገራት ሌላ ትርጉም ያዘ፤ ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ቅዳሜ ዕለት አውቃለች።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመውን፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ትርጉም የተለያየውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽም በቤታችን ውል አስተማርናቸው። ዕቃ ማጠብን የሚመለከት ስምምነት በሁለት ቋንቋ ጻፍን፤ በአማርኛው «ይቻለዋል» ይላል፣ በእንግሊዝኛው ግዴታ ነው። ሁለቱም ሳያስተያዩ ፈረሙ። በሦስተኛው ቀን ጭቅጭቁ ሲነሣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ማንኛውንም ወረቀት ሳያነብ አይፈርምም።

የኮንሶን እርከን በሁለት መጋገሪያ ትሪ ሠርተን በአንዱ ላይ አፈሩን እንዲሁ በተዳፋት ደለደልን፣ በሌላው ላይ በጠጠር ደረጃ ደገፍነው። ከዚያ በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ አፈሰስን። አንዱ ትሪ ጭቃ ሆነ፤ ሌላው ውኃውን ጠጥቶ ዝም አለ። የገዳ ሥርዓትን በአምስት ዓይነት ባቄላ ቆጠርነው፤ እያንዳንዱ ምድብ ለስምንት ዓመት ይዞ ያስረክባል፣ ተራው እስኪመለስም አርባ ዓመት ይዞራል። «ታዲያ እስከዚያ ምን ይሠራሉ?» አለ ትንሹ፤ ለሥልጣን የሚዘጋጁበትን ደረጃ ሁሉ ለመማር በሩ ተከፈተ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። አገር ቤት በመጣንበት ጊዜ ልጆቼን ወደ አንድ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ስሙን አልጠቅስም፤ ጥፋተኛ መፈለጌ አይደለም። ጥበቃው «አትንኩ» አላቸው፤ ልክ ነበር፤ ቅርስ በልጅ እጅ አይዳሰስም። የሚነካ ሌላ ነገር ግን በግቢው ውስጥ አንድም አልነበረም። ወደ ቢሮ ገብቼ የአንድ ሐውልት ልክ ያለበት ሥዕል ጠየቅሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ከተቋም የተጻፈ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገሩኝ። እኔ ተቋም የለኝም። እናት ነኝ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በዚያ ምትክ ቁጠሩልኝ።

የምለምነው ቀላል ነው። የቤተ ጊዮርጊስን ጥልቀትና የቦዩን አቅጣጫ፣ የሐረር ጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች፣ የጢያን የሰይፍ ምልክት ያለባቸውን ትክል ድንጋዮች፣ የጎንደርን የፋሲል ግንብ፣ የአሞሌን ትክክለኛ መጠን የያዙ ባለ አንድ ገጽ ሥዕሎች አዘጋጁልን፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በቻላችሁት ቋንቋ ሁሉ። ማንም ያለ ክፍያ ያትማቸው። የንጉሥ ኢዛናን ሁለት ሳንቲሞች አተልቃችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡልን፤ በመጀመሪያው ላይ ጨረቃና ክብ አለ፣ በኋለኛው ላይ መስቀል። ልጅ ሁለቱን በሸክላ ሲቀርጽ መካከላቸው የሆነውን ነገር ማንም ሳይነግረው ይጠይቃል። በየሙዚየሙም አንድ ጠረጴዛ ይኑር፤ ወፍጮ ከነመጁ፣ የብራና ቁራጭ፣ የመቃ ብዕር፣ የጨው አሞሌ፣ የሐውልት አምሳያ ይቀመጥበት፤ በላዩም «ንኩ» የሚል ጽሑፍ። ብራና ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን ደግሞ እጃቸው ብቻ እየታየ፣ ሳትቸኩሉ፣ በቪዲዮ ቅረጹልን። እነዚያ እጆች ሲያልፉ የሚተካቸው መጽሐፍ የለም።

ልኩ ከወጣ ሐሰተኛ ቅርስ ይሠራበታል የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። ሥጋቱ ባዶ አይደለም፤ ብዙ ተዘርፈናል፣ ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተጫነው አብዛኛው ገና አልተመለሰም። ነገር ግን ልጅ በሳሙናና በጭቃ የሚሠራው በመቶ እጥፍ ያነሰ አምሳያ ማንንም አያታልልም። ተንቀሳቃሽ ቅርሶችን በምሥጢር ያዙ፤ የቆሙትን ግን አሳዩን። ሐውልት የቆመው ከሩቅ እንዲታይ ነው።

ይህ ልመና በውጭ ለምንኖር ብቻ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ የቤት ተማሪ ሆኖ ነበር። ከዚያም በኋላ በጦርነትና በመፈናቀል ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች በእናታቸውና በአያታቸው እጅ ቆይተዋል። ለእነዚያ ልጆች ኮምፒውተር ላይደርስ ይችላል። በፎቶ ኮፒ የሚባዛ አንድ ገጽ ግን ይደርሳል፤ ጭቃው ደግሞ ከእኛ ሳሙና የተሻለ በደጃቸው ነው።

ለእናንተም፣ ወላጆች፣ አንድ ቃል ልተው። የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ባንክ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ እላለሁ፤ ይህን ስል ከማፍርባቸው ቀናት ይልቅ ልጆቼ ወንበራቸውን ወደ እኔ የሚያስጠጉባቸው ቀናት ይበዛሉ። ታሪካችን ሲነሣ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ እንደሚወዱ ታውቃላችሁ። ጨው ቆርጦ የሸጠ፣ እርከን ደግፎ ውኃ ያቆመ፣ ገብስ ቆልቶ የተጓዘ ልጅ የአፋሩን፣ የኮንሶውን፣ የዘማቹን ድካም በክንዱ ያውቀዋል። አያት ካላችሁ ከጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀምጧቸው። ቤታችን ውስጥ ዋናዋ መምህር እናቴ ናት፤ እኔ ረዳት ነኝ።

በመጪው ጥር ለጥምቀት ወደ አገር ቤት እንመጣለን፤ ከጎንደር ወደ ላሊበላ የመሄድ ሐሳብ አለን። ልጄ የሳሙና ቤተ ክርስቲያኗን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሜትርና እርሳስ ይዛ ትመጣለች። ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ ቆሞ የሚያሳያት አንድ ባለሙያ ከመካከላችሁ ብትመድቡልን፣ የሠራችውን ሥዕል ለሌሎች ልጆች እንድታባዙት ለእናንተ ትታ ትሄዳለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሁለት ልጆቿን በቤት የምታስተምር እናት
ቨርጂኒያ